የጉንጭ መብራት

ባሌ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያሳምር የኖረ ሰው ነው። ፎቶ ቤት ነበረው፤ ከጫማ መደብሩና ከፋርማሲው መሃል የተሰነቀረ፣ አንዱ ካልወጣ ሌላው የማይገባበት ጠባብ ቤት። ተኮሳትሮ የመጣውን ፈገግ አሰኝቶ፣ ዓይኑ የሸወረረውን በጎን አዙሮ፣ አንገተ አጭሩን ኮሌታውን ዝቅ አድርጎለት ይሸኛል። ደንበኛውን በርጩማ ላይ ካስቀመጠ በኋላ የሚላት ነገር ነበረችው። «አገጭ ቀና፤ ትከሻ ዝቅ፤ ዓይን እዚህ ጣቴ ላይ፤ አሁን እንዳይተነፍሱ!» ይላል። ባለሥልጣኑም ደላላውም እኩል ትንፋሹን ይዞለታል።

እኔንም ያገኘኝ በዚሁ ነው። ለመታወቂያ የሚሆን ፎቶ ልነሳ ሄጄ «እንዳይተነፍሱ» አለኝና ዝም ብሎ ያየኛል። ያኔ ታዛዥ ነበርኩ፤ ትንፋሼን እንደያዝኩ ከበርጩማው ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። እሱ «ውበትሽ አፍዞኝ ነው» ይላል። እኔ ፊልም ማስገባት ረስቶ ነው እላለሁ። ተጋብተን፣ ልጆች ወልደን፣ ልጆቹን ድረን፣ ይኸው ክርክሩ እስከ ዛሬ አላለቀም።

እኔ ደግሞ የስልክ ኦፕሬተር ነበርኩ። በእኔ ጊዜ ስልክ ድምፅ ብቻ ነበር። ሰው ፀጉሩን ሳያበጥር፣ የሌሊት ልብሱን ሳይቀይር ያወራል፤ ስለማይታይም ይመስለኛል እውነቱን ያወራል። መስመሩን ካገናኘሁ በኋላ ጆሮዬን ወዲያው አነሳ ነበር፤ ደንቡ እንደዚያ ይላል። ባሌ ይህን ስናገር በሰማ ቁጥር ይስቃል።

ታዲያ ይህ ሰው ታመመ። ሕመሙ አንድ ቀን በር አንኳኩቶ አልመጣም፤ ሰውየው አንድ አንድ ነገር እየጠላ ሄደ። መጀመሪያ ደረጃ ጠላ። የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍቱ ከተበላሸ ቆይቷል፤ «ሊፍቱ ሲሠራ እወርዳለሁ» ብሎ ቤት ዋለ። ቀጥሎ ጫማ ማሰር ጠላ። ዳቦ ሊገዛ እንኳ ያለ ክራቫት የማይወርድ የነበረው ሰው «አሁን ፋሽኑ ነጠላ ጫማ ነው» አለኝ። በመጨረሻ አልጋ ጠላ። ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ተነስቶ መስኮቱ አጠገብ ያለችው ባለመደገፊያ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ያነጋል። ዕድሜዬን ሙሉ «ጠጋ በልልኝ» ስል የኖርኩት ሴትዮ፣ ቦታው ተርፎኝ እንቅልፍ አጣሁ።

«ለልጆቹ ልንገራቸው» ስለው «ትንፍሽ እንዳትዪ!» አለኝ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።»

«ተረት አታብዢ። ቃል ግቢልኝ።»

ቃል ገባሁለት፤ ለልጆቹ። ስለ ሐኪም ግን የተነጋገርነው ነገር አልነበረም። ስለዚህ መጀመሪያ የማገኘው ሐኪም ጆሮ ላይ ልዘረግፈው፣ ሁሉንም በሆዴ ይዤ ተቀመጥኩ። ባሌ ያለ ሐኪም እንዲህ ከከረመ አንድ ጠዋት ከዚያች ወንበር ላይ እንደማይነሳ አውቄዋለሁ። ይህን የሚያስረዳኝ መጽሐፍ አላስፈለገኝም፤ ጎኔ ያለው አልጋ ባዶ ነበር።

ልጆቹ የሚያውቁት ሳሉን ብቻ ነው። ሴት ልጄ ምክትል ርዕሰ መምህር ናት። በቤታችን ቃል አቀባይ እንላታለን፤ እሷ ባለችበት ማንም ስለ ራሱ መናገር አይጠበቅበትም። ከአንድ ክሊኒክ ጋር ተነጋግራ፣ ሐኪም በስልክ ቪዲዮ አባቷን እንድታየው ቀጠሮ ያዘች። «አባዬ፣ ደረጃ መውረድ የለ፣ ወረፋ የለ፤ ሐኪሟ ራሷ ሳሎናችን ድረስ ነው የምትመጣው» አለችው። ጥፋቱ የተወለደው ከዚህች አነጋገር ነው መሰለኝ። ሐኪም ሳሎን ትመጣለች ሲባል ቤተሰቡ በሙሉ እንግዳ ሊቀበል ተነሳ።

ቅዳሜ ዕለት መጋረጃው ታጠበ፤ ወለሉ ተወለወለ፤ የተሰነጠቀው የአበባ ማስቀመጫ ስንጥቁ ወደ ግድግዳ ዞረ። ትልቁ ልጄ የሠርግ ካሜራማን ነው። የመብራቱን ማቆሚያ፣ ጃንጥላውንና ገመዱን ተሸክሞ አራት ፎቅ ወጣ። አማቼ፣ የቃል አቀባይ ባል ማለት ነው፣ ኮምፒውተር ይጠግናል፤ ብቅ ጥልቅ ማለት ስለሚወድ ኔትዎርክ ብለን አውጥተንለታል። እሱ ስልኩን የሚያቆምበትን ቦታ ፍለጋ ሳሎኑን ዞሮ ዞሮ በመጨረሻ የእኔን ወንበር ወሰደው።

ቃል አቀባይ አባቷን ላጨችው፤ ሙሉ ልብስ አለበሰችው፤ ክራቫቱን አሰረችለት። እሱ «እግሬን በረደኝ» ብሎ ብርድ ልብሱን ከጉልበቱ በታች ራሱ ሳበው። ለምን እንደሳበው እኔና እሱ ብቻ እናውቃለን። ዓይን ለዓይን ተያየን፤ ምላሴን ነከስኩ።

ቀጥሎ ልጄ ከሳጥኑ አንዲት ትንሽ መብራት አወጣ። ከአባቱ ፎቶ ቤት የወረሳት ናት፤ አምፖሏ ፊት ብርቱካንማ ወረቀት ተወጥሮባታል። ከግራ በኩል ዝቅ አድርጎ አስቀመጣትና ማብሪያዋን ተጫነ። እውነቴን ነው የምለው፣ ባሌ በአንድ አፍታ አሥር ዓመት ቀነሰ። አመድ መስሎ የከረመው ጉንጩ ቀላ፤ ከንፈሩ ደም ሞላው። ሁላችንም «ውይ!» አልን። እሱ ግን መብራቷን አየ፤ ልጁን አየ። የልጁ ሙያ አኩርቶት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ከዚያ በኋላ አገጩን ቀና፣ ትከሻውን ዝቅ አድርጎ፣ ዓይኑን ስልኩ ላይ ተከለ።

ሐኪሟ ብቅ አለች። መነጽር ያደረገች ወጣት ናት፤ ድምጿ ለስላሳ፣ ዓይኗ ግን ድካም ያለበት።

«አባባ፣ እንዴት ነዎት?»

«ደህና ነው፣ ትንሽ ሳል ብቻ ናት» አለች ቃል አቀባይ።

«እንቅልፍስ?»

«እንደ ሕፃን ነው የሚተኛው» አለ ልጄ። ቤቱ ከተማው ሌላ ጫፍ ነው፤ አባቱ ሲተኛ ካየ ስንት ዘመኑ።

«ምግብስ ይበላሉ?»

«ጨው እንዲቀንስ አድርገናል» አለች ቃል አቀባይ። ማን እንዳደረገው እንጃ።

«ድምፅ ይሰማል? ምስሉስ ጥራት አለው?» አለ ኔትዎርክ፣ ግንባሩን ብቻ አስገብቶ።

ከባለቤቱ በላይ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል። ያን ዕለት ሳሎናችን ቡዳ ሞልቶት ነበር። እኔ ከበስተኋላ ሆኜ «ዶክተር፣ አንድ ነገር...» ብዬ ጀመርኩ። «እማዬ፣ ተራ ጠብቂ» አለችኝ ልጄ፣ እጅ ሳላወጣ የተናገርኩ ይመስል። ትንሽ ቆይቼ ጠጋ ብዬ «ዶክተር፣ አንድ ነገር...» ስል ልጄ «እማዬ፣ ጥላሽ አባዬ ላይ ወደቀ!» ብሎ ትከሻዬን ይዞ ወደ ጥግ መለሰኝ። ደግሞስ ብናገር ምን ልል ነው? ልጆቹ ፊቴ ተደርድረው ቃሌን ላፈርስ ነው? ለሐኪም ብቻ የተያዘ ወሬ ሐኪሟን ለብቻዋ ማግኘት ይፈልጋል። ሳሎኑ ውስጥ ግን ለብቻ የሚባል ነገር ጨርሶ አልነበረም።

«አባባ፣ ፊትዎ እንኳን በጣም ጥሩ ነው» አለች ሐኪሟ። ባሌ በትሕትና ራሱን ነቀነቀ። ያቺ «ፊትዎ ጥሩ ነው» ሳሎኑን ሠርግ አደረገችው። የሳል ሽሮፕ ታዘዘ፤ ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠሮ ተያዘ፤ ስልኩ ጠፋ። ያን ጊዜ ባሌ ይዞት የነበረውን ትንፋሽ ለቀቀው። ሳሉ ተከትሎ መጣና ወንበሩን እስኪጨብጥ ድረስ አንገላታው። ልጆቹ ገመድ እየጠቀለሉ ነበር። «አይዞህ አባዬ፣ ሽሮፑን አሁን አመጣልሃለሁ» አለ ኔትዎርክ።

ከሄዱ በኋላ ክራቫቱን እየፈታሁለት ተቆጣሁ። «አፍ የለህም? እሷ ስትጠይቅህ ለምን አትናገርም?»

«ምን ልናገር» አለኝ። «ልጆቹ ቆርጠውታል።»

ነገሩን እነሱ ተናግረው ጨርሰዋል ማለቱ መሰለኝና አልፌው ወጥ ቤት ገባሁ። ሽሮፑ ጣፋጭ ነበር፤ ባሌም ሳይከፋው ይጠጣዋል። ወንበሯንም አልለቀቀም።

ከቀጠሮው ቀን በፊት አንድ ረፋድ ላይ ልብስ እያጠብኩ ስልኩ ጮኸ። እጄን በቀሚሴ አብሼ አነሳሁት፤ የቪዲዮ ጥሪ ነው። ሐኪሟ ናት።

«እናቴ፣ እርስዎ ባለቤታቸው ነዎት አይደል? ቅዳሜ ዕለት ‹አንድ ነገር› ብለው ሁለቴ ጀምረው አላስጨረሱዎትም።»

ለካ እንደዚያ ባለ ግርግር መሃል የሰማችኝ ሰው ነበረች።

«ደግሞ በኋላ ሳስበው» አለች፣ «የሁሉንም ድምፅ ሰምቻለሁ፤ የአባባን ግን አንዲት ቃል አልሰማሁም። ፊታቸውን አይቼ ተዘናጋሁ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ለዚህ ነው የደወልኩት።»

ይህን ጊዜ አፌን ከፈትኩ። ወንበሯን፣ ደረጃውን፣ ነጠላ ጫማውን፣ ያጠራቀምኩትን ሁሉ ልዘረግፈው ነው። «ዶክተር፣ ይኸውልሽ...»

«ቆይ እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ስለ እሳቸው ከእርስዎ ከመስማቴ በፊት እሳቸውን ልጠይቃቸው። ከዚያ እርስዎ የቀረ ካለ ይጨምሩልኛል።»

አያችሁልኝ? እሷም ዝም አሰኘችኝ! ግን ዕድሜዬን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዝም ያልኩት ያን ዕለት ነው። ስልኩን ይዤ ወደ መስኮቱ ሄድኩ።

ባሌ በካናቴራ ነበር። የሐኪሟን ፊት ስልኩ ላይ ሲያይ ደነገጠ። «ኮቴን! ክራቫቴን አምጪ እንጂ!» ደግሞ ሳላቀብለው በካናቴራው እንደሆነ አገጩን ቀና፣ ትከሻውን ዝቅ አደረገ። ትንፋሹንም ያዘ። እኔ አይቼዋለሁ።

ሐኪሟም ሳታየው አልቀረችም። «አባባ» አለች፣ «ፈቃድዎ ከሆነ ምስሉን ላጥፋው። እኔም አላይዎትም፣ እርስዎም አያዩኝም። በድምፅ ብቻ እናውራ።»

«ይሻላል» አለ ባሌ። ስልኩ ጠቆረ። የሰውየው ትከሻ ወረደ፤ ጎበጥ አለ፤ ትንፋሹ ሲወጣ ሰማሁት። እኔ በልቤ «እንዲህ ነው እንጂ ስልክ!» አልኩ።

«ባለቤትዎ አጠገብዎ ይሁኑ ወይስ ለብቻችን እንሁን? እንደፈለጉ።»

ዞሮ አየኝ። «ትቀመጥ። ብትወጣም... በቁልፍ ቀዳዳው ነው የምትሰማው። ስልክ ኦፕሬተር... ነበረች።»

ሐኪሟ ሳቀች። «እርስዎስ ሥራዎ ምን ነበር?»

ይህን ጥያቄ ሰው ከጠየቀው ስንት ጊዜው! ፊቱ በራ። ስለ ፎቶ ቤቱ ጀመረላት፤ ስለ ጥቁሩ መጋረጃ፣ ስለ በርጩማዋ። ግን ዓረፍተ ነገሩ እየተቆረጠ ነው የሚወጣው፤ ጥቂት ይልና ያርፋል፤ ይሄድና ይቆማል። ሐኪሟ አልቸኮለችም፤ አላሟላችለትም። ዝም ብላ ትጠብቀዋለች። እኔ እንኳ፣ የጀመረውን ሳልጨርስለት ውዬ የማላውቀው ሴት፣ እጄን አፌ ላይ አደረግኩ።

«ደንበኛ ሲመጣ ምን ይሉት ነበር?» አለችው።

«እንዲህ ነው የምለው...» አለና ወንበሩ ላይ ተስተካከለ። «አገጭ ቀና። ትከሻ... ዝቅ። ዓይን... እዚህ... ጣቴ ላይ። አሁን... አሁን እን...»

አልወጣለትም። ሺህ ጊዜ ያላት ቃል ናት፤ ከእንቅልፉ ቢቀሰቅሱት የሚላት ቃል ናት። አፉን እንደከፈተ ጣቱ አየር ላይ ቀረ። ሰው ሁሉ እንዳይተነፍስ ሲያዝ የኖረ ሰው ለትእዛዙ የሚሆን ትንፋሽ አጣ። እኔ እዚያው በቆምኩበት ማልቀስ ጀመርኩ።

ሐኪሟ ጠበቀችው። ከዚያ በቀስታ «አባባ፣ ጋደም ሲሉስ?» አለች።

«አልጋደምም ልጄ» አለ። «ከተጋደምኩ... እሰጥማለሁ። ቁጭ ብዬ ነው የማነጋው። እፈራለሁ።»

ይህንን «እፈራለሁ» ከትዳራችን ጀምሮ ሰምቼው አላውቅም። ለእኔ ያላላትን ለማይታይ ሰው አላት። ትንሽ ቀናሁ፤ ደግሞም እፎይ አልኩ።

«ቅዳሜ ዕለት ይህን ያልነገሩኝ ልጆቹ ስላሉ ነው?»

መስኮቱን ሲያይ ቆየ። ከዚያ እያረፈ እያረፈ የነገራት ነገር ይህ ነው። ፎቶ ቤቱ ሳለ አንዳንዴ ቤተሰብ በሽተኛ ደግፎ ይመጣል። በሽተኛውን በርጩማው ላይ ያስቀምጡና አንደኛው ጠጋ ብሎ በጆሮው «የመጨረሻ ናት፤ አሳምርልን» ይለዋል። ያን ጊዜ ከመደርደሪያው ላይ ትንሿን መብራት ያወርዳል፤ ብርቱካንማ ወረቀት ያለባትን። በግራ በኩል፣ ዝቅ አድርጎ። ጉንጩ ይቀላል፤ ሰውየው ደህና ይመስላል፤ ልጆቹ ያንን ፎቶ ግድግዳ ላይ ሰቅለው ይጽናናሉ። ለሌላ ለማንም አብርቷት አያውቅም፤ ለሙሽራ እንኳ።

«ቅዳሜ ልጄ... አበራልኝ» አለ። «በግራ በኩል... ዝቅ አድርጎ። እንዳስተማርኩት። በቃ፣ አውቀዋል አልኩ። አንቺም ነግረሻቸዋል... እነሱም ቆርጠዋል አልኩ። ያን ያህል ለፍተው... ሲያሳምሩኝ... እኔ ስለ እግሬ፣ ስለ እንቅልፌ አውርቼ... ላበላሽባቸው?»

ወንበር ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩ። «ቆርጠውታል» ያለኝ ይህንን ነበር ለካ። ያን ሁሉ ቀን ከጎኑ ሽሮፕ እየቀዳሁ፣ እሱ ለካ ፎቶውን ተነስቶ መሄጃውን ይጠብቃል። በልጆቹ ተናደድኩ፤ በመብራቷም ተናደድኩ። ከሁሉ በላይ ግን አዘንኩለት፤ እንዲህ ያለውን ነገር ብቻውን ተሸክሞ ነው ክራቫት የታሰረለት።

«አባባ፣ ያዳምጡኝ» አለች ሐኪሟ። «እኔ ለልጆችዎ ምንም አልነገርኳቸውም። የምነግራቸውም የለኝም ነበር፤ ምክንያቱም እርስዎ ገና አልነገሩኝም። ሰውነቱ የእርስዎ ነው። የሚነግሩኝም እርስዎ ነዎት፤ የማውቀውንም መጀመሪያ የምነግረው ለእርስዎ ነው። ተስማማን?»

«ተስማማን።»

«እንግዲህ አሁን ምስሉን ላብራ? ሳያምሩ። እንዳሉ።»

ከንፈሩን በጣቱ አበሰ፤ ለማንኛውም ብሎ ፀጉሩን ዳሰሰ፤ ከዚያ «አብሪው» አለ። በካናቴራው፣ ሳይላጭ፣ ግማሽ ፊቱ የመስኮቱ ብርሃን ላይ ሆኖ ታየ። ሐኪሟ ከንፈሩን ወደ ብርሃኑ እንዲያዞር ጠየቀችው። እግሩን እንዳሳያት ከእኔ ሳይሆን ከእሱ ፈቃድ ጠየቀች፤ እሱ ለእኔ ነገረኝ። ቁርጭምጭሚቱ ላይ በአውራ ጣቴ ጫን አድርጌ ለቀቅኩ። ጉድጓዱ ቶሎ አልሞላም።

ያኔ ቁርጡን ነገረችው። ልቡ ደክሟል ብላ ትጠረጥራለች፤ ውሃ ሳንባውና እግሩ ላይ እየተጠራቀመ ነው፤ ሽሮፕ የሚነካው ነገር አይደለም። ዛሬውኑ ሆስፒታል መግባት አለበት። «አላሳምርልዎትም፤ ቀላል አይደለም። ግን መድኃኒት ያለው ነገር ነው። ዛሬ ከሄዱ እንደገና የመጋደም ተስፋ አለዎት።» ከዚያ ሌላ ሐኪም ሲጠይቅ ሰምቼ የማላውቀውን ጠየቀችው። «ከሚቀጥለው ነገር ሁሉ በጣም የከበደዎት የቱ ነው?»

ሞት ይላል ብዬ ጠበቅኩ።

«ደረጃው» አለ ባሌ። «በቃሬዛ ተጋድሜ... ጎረቤት በር ላይ ቆሞ... አላደርገውም።»

«ደግሞስ መጋደሙ ለእርስዎ ጥሩ አይደለም» አለች እሷ። «ቁጭ ብለው በወንበር ይውረዱ። ለአምቡላንሱ ሰዎች እነግራቸዋለሁ። ልጆቹንስ ማን ይንገራቸው?»

እኔ አፌን ልከፍት ስል «እኔ» አለ።

ትልቁ ልጄ ከአምቡላንሱ ቀድሞ ደረሰ። እያለከለከ ገባ፤ አባቱ ፊት ቆመ። ባሌ ስለ መብራቷ ነገረው፤ አላሳጠረለትም።

«አባዬ!» አለ ልጄ። «ልጅ ሆኜ ምን እንደሆነች ስጠይቅህ ‹ለገረጣ ሰው ናት› አላልከኝም? ገርጥተህ ስላየሁህ እኮ ነው!»

«ለሰባት ዓመት ልጅ... ሌላ ምን ልበለው?»

ያ ትልቅ ሰውዬ፣ ስንቱን ሙሽራ ሲያስለቅስ የኖረ፣ እንደ ሕፃን እየተንሰቀሰቀ የአባቱ ጉልበት ላይ ተደፋ። «ማን ነው የቆረጠብህ? ማን?» ይላል። ባሌ ራሱን እየዳሰሰ «እሺ፣ ገባኝ፣ ተነስ... ብርድ ልብሱን አረጠብከው» ይለዋል። ልጄ እየሳቀም እያለቀሰም ተነሳ።

በዚያችው ወንበር ላይ አስቀምጠው ሁለት የአምቡላንስ ሠራተኞች፣ ልጄና ኔትዎርክ ተሸከሙት። ኮቱን ከካናቴራው ላይ ደርቦ አላወልቅም አለ። ጎረቤቱ ሁሉ በየበሩ ወጥቷል። ባሌ አገጩን ቀና አድርጎ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ሰላምታ እየሰጠ፣ ሹመት እንዳገኘ ሰው ወረደ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ከትምህርት ቤት እየሮጠች የመጣችው ቃል አቀባይ አገኘችን። ለሠራተኞቹ «የአባቴ ችግር ምን መሰላችሁ...» ብላ ስትጀምር ባሌ እጁን አነሳ።

«ልጄ፣ ተራ ጠብቂ። ስለ እኔ... እኔ እናገራለሁ።»

ልጄ ግንባሩን ሳመችው፤ እጁን ይዛ አንዲት ቃል ሳትናገር አብራው ወረደች። በቤታችን ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር አልታየም።

ሆስፒታል ከረመ። ውሃው ወጣለት፤ የልብ መድኃኒት ተጀመረለት፤ ሥጋው ሟሙቶ አጥንቱ ቀረ። ሲመለስ ሊፍቱ ተሠርቶ ነበር፤ ኔትዎርክ የሕንፃው አስተዳዳሪ ጋ በየቀኑ እየደወለ አሰልችቶት ነው። ዳነ አልልም፤ ሐኪሟም አላለችም። ኪኒኑ ይቀጥላል፤ ጨው አሁን የእውነት ቀርቷል።

በመጀመሪያው የክትትል ቀጠሮ ዕለት ልጆቹ ተሰብስበው ነበር፤ ግን ወጥ ቤት ገብተው በሩ ተዘጋባቸው። ቃል አቀባይ ጆሮዋን በሩ ላይ እንደለጠፈች አውቃለሁ፤ የእናቷ ልጅ ናት። ባሌ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠ። ልጄ በሩን ገርበብ አድርጎ «አባዬ፣ መጋረጃዋን ብቻ ትንሽ ብስባት...» ሲል «ዝጋ!» ተባለ። ድምፁ ሳይቆረጥ በአንድ ትንፋሽ ወጣ።

ሐኪሟ ብቅ ብላ ረጋ ብላ አየችው። «አባባ፣ ከስተዋል። ሽበትዎም በዝቷል፤ ባለፈው አልታየኝም ነበር።»

ባሌ በደስታ ወደ እኔ ዞረ። «ሰማሽ? አየችኝ!» አለ። ከዚያ ያመመውንም የተሻለውንም ራሱ አወራት፤ የረሳትን አንዲት ነገር ብቻ እኔ ጨመርኩ፤ እሷንም እሱን አስፈቅጄ።

መብራቷን ልጄ ሊጥላት ነበር። ባሌ ከለከለው፤ ብርቱካንማውን ወረቀት ልጦ ለእኔ ሰጠኝ። አሁን መርፌ የማገባባት መብራት ናት፤ እኔን በጭራሽ አታሳምረኝም።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ሲሄዱ ባሌ ተነሳና ወደ መኝታ ቤት ገባ። ትራሶቹን ደራርቦ፣ በዝግታ፣ እየፈራ ጋደም አለ። እኔ ከጎኑ ሆኜ ጠበቅኩ። አልታፈነም። ቦታዬንም የእሱንም አንድ ላይ ያዘና ብዙም ሳይቆይ ማንኮራፋት ጀመረ፤ ያንን ስጠላው የኖርኩትን ማንኮራፋት። ስለረበሸኝ ተነስቼ የእሱ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና ስፌቴን ያዝኩ።

መሃል ላይ ማንኮራፋቱ ቀጥ አለ። ቤቱ ጭር አለ። መርፌዬን አየር ላይ እንደያዝኩ ትንፋሼን ያዝኩ፤ ያኔ ልጅ ሆኜ በርጩማው ላይ እንደያዝኩት። እሱም እንደ ልማዱ አቆየኝ። ከዚያ ገልበጥ አለና ከበፊቱ ብሶ ቀጠለ። እኔም ተነፈስኩ።